ግራዝማቹን በማዕረግ የበለጠው ኤሊ

አባቴ እባብ አላረባም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ቁስቋም ሰፈር ዛሬም ድረስ «ያ እባብ አርቢው ቢያዝን» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አባቴ እባብ ይፈራ ነበር። አንድ ቀን የእናቴ መቀነት መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቢያይ አልጋ ላይ ዘሎ ወጣ፤ እናቴ መቀነቷን አንስታ ወገቧ ላይ እስክታስር ድረስም አልወረደም። በቤታችን የነበሩት አንድ ኤሊ፣ አንዲት እስስትና አንድ አርጃኖ ብቻ ናቸው። አርጃኖ ለማታውቁት፣ አዞ ለመሆን ጀምሮ መንገድ ላይ የሰነፈ የሚመስል የውሃ ዳር ፍጥረት ነው። በግድግዳው ስንጥቅ የሚመላለሱትን እንሽላሊቶች አልቆጥርም፤ አባቴ ራሱ እነሱን እንግዳ እንጂ ቤተሰብ አይላቸውም ነበር።

አባቴ የተወለደው ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ የአንድ መኮንን አትክልት ያጠጣ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ፣ ከተማው ሁሉ ወንበር፣ በርና የማኪና ጎማ ሲሸከም አባቴ ከጎመኑ መደብ መሃል ኤሊ ታቅፎ ወጣ። አያቴ «የሰው ልጅ አልጋ ያመጣል፣ የኔው ልጅ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ» ብላ አለቀሰች ይባላል። ድንጋዩ አንገቱን ሲያወጣ ደግሞ ልቅሶዋን ትታ ሮጠች።

ኋላ የቁስቋም ፍርስራሽ ዘበኛ ሆነ። ሥራው ሰው ከእቴጌዪቱ ግንብ ላይ ድንጋይ ነቅሎ እንዳይወስድ፣ ፍየልም እንዳይወጣበት መጠበቅ ነበር። ረጅም ካፖርትና ፊሽካ ተሰጠው። ፊሽካውን በሰው ላይ ነፍቶት አያውቅም፣ ያፍራል፤ ፍየሎቹ ግን በደንብ ያውቁታል። ከሰው ጋር ሲሆን ቃል የሚያጥረው አባቴ፣ ግንቡ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን እንሽላሊቶች አንድ በአንድ በመልክ ይለያቸው ነበር። እስስቷን ያገኛት በዚሁ ካፖርት እጅጌ ላይ ነው። የካፖርቱን ቀለም ለብሳ ግማሽ ቀን አብራው ዘብ ከዋለች በኋላ ነው መኖሯን ያወቀው።

አርጃኖውን ያመጣው ደግሞ ከገዛ ሰርጉ ነው። እናቴን ጽጌሬዳን ከእንፍራንዝ አግብቶ ሲመለስ፣ ሚዜዎቹ በቅሎ ውሃ እስኪያጠጡ ወንዝ ዳር ወረደና እግሩ የቆሰለ የአርጃኖ ግልገል አገኘ። በካፖርቱ ኪስ ከተተው። እናቴ እስክትሞት ድረስ «እኔና ባሻ አንድ ቀን ነው የተሞሸርነው» ትል ነበር።

ባሻ የአርጃኖው ስም ነው። ሁሉም ስም ነበራቸው። እስስቷ ጥርጣሬ ትባላለች፤ አንድ እግሯን አንስታ፣ ወደፊትና ወደኋላ ተወዛውዛ፣ ልርገጥ ወይስ ልቅር እያለች ስትመክር የጠዋቱ ፀሐይ የማታ ይሆናል። ኤሊው ፊታውራሪ ነው። ምነው ፊታውራሪ አልከው ሲሉት አባቴ «ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ከሁሉ ኋላ መድረሱ የሱ ጥፋት አይደለም» ይል ነበር። ይህ ስም ኋላ ምን እንዳመጣብን ትሰማላችሁ።

እናቴን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ዘጠኝ ዓመት ታገሠች። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ፊታውራሪ በር ላይ ተኝቶ ያደናቅፋታል፣ ጥርጣሬ ነጠላዋ ላይ ነጭ ሆና ቤተ ክርስቲያን ድረስ አብራት ትሄዳለች፤ ባሻ ደግሞ ዶሮዋ እንቁላል ጥላ ስትጮህ ከእናቴ ቀድሞ እንቁላሉ ላይ ይደርሳል። «ቢያዝን፣ አንዷን አውጣልኝ» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። እሺ ብሎ ለፊታውራሪ ጎመን ይቆርጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለአባቴ ሳይሆን አይቀርም።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር፣ እኔ አበቡ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ሳለ፣ ነገሩ ፈነዳ። ብርድ ነበር። ባሻ ሙቀት ፈልጎ የዱቄት ቋት ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። እናቴ ዱቄት ልትዘግን እጇን ሰደደች፤ የዘገነችው ግን ጅራት ነው። ቋቱ ተገለበጠ። እናቴ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ ነጭ ሆና ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ባሻም ነጭ ሆኖ ወደ ደጅ ሮጠ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሽታዬ ነጭ አርጃኖ በግቢዋ ሲያልፍ አይታ ሰባት ቀን ጠበል ገባች።

እናቴ ዱቄቱን እንኳ ሳታራግፍ አባቴ ፊት ቆመች።

«ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አለችው።

አባቴ አሰበ። ጥፋቱ መልሱ አይደለም፤ መልሱን ሊመልስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ ማሰቡ ነው። እናቴ ሲያስብ አየችው፤ ጓዟን ጠቀለለች።

እኔንም ልትወስደኝ ፈለገች። እኔ ግን ነገሩን ስሰማ ፍርስራሹ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። ፈልጋ ፈልጋ ስታጣኝ፣ የእንፍራንዝ ማኪናም ሊያመልጣት ሲሆን፣ ግንቡ ስር ቆማ «አበቡ! በዳኛ እወስድሻለሁ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ሲርቅ ወጥቼ ልከተላት ብዬ ነበር። እግሬ ግን እንቢ አለኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ከአባቴ መለየት ግን አልችልም ነበር። እኔ ብሄድ ለሱ የሚቀሩለት የሚያወሩ ፍጥረቶች አልነበሩም።

በዚያ ዘመን ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩን የሚያዩት የዘመድ ዳኞች ነበሩ። ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይመረጣል፣ መሃል ላይ ሰብሳቢ ይቀመጣል። እናቴ እዚያው ጎንደር የሚኖሩትን አጎቷን ግራዝማች ተክለ ጊዮርጊስን መረጠች። አባቴ ጎረቤታችንን ሸማኔውን አያ ማሩን መረጠ፤ አያ ማሩ ሰባት ቀን ጠበል የገባችው የወይዘሮ ሽታዬ ባል ስለሆነ ምርጫው ብልህነት አልነበረበትም፣ ግን ሌላ ጓደኛ አልነበረውም። ሰብሳቢው አለቃ ወልደኢየሱስ ሆኑ። መጻሕፍት የጠጡ፣ በነገር የማይቸኩሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሊቅ ናቸው።

የደብረ ዘይት ዕለት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቁስቋም ቅጥር ውስጥ ወይራው ስር ተቀመጡ። እኔም አባቴ ጎን ቁጭ አልሁ። እናቴ ከእንፍራንዝ መጥታ ማዶ ቆማለች። ሳያት ሮጬ ልሂድ አማረኝ፤ አባቴን ሳየው ደግሞ ተውሁት።

«አለቃ፣ ልጄን ይስጡኝ» አለች። «ቤቱን ይውሰድ፣ ላሚቱንም ይውሰድ። ልጄን ብቻ።»

«ምነው ልጄ? ይመታታል?»

«አይመታትም።»

«ያስርባታል?»

«እሱ ሳይበላ ያበላታል።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«ከአርጃኖ ጋር ያሳድጋታል፣ አለቃ! ነገ ይህችን ልጅ ማን ይጠይቃታል? የሰው ሽማግሌ ሲመጣ በሩን ኤሊ ሊከፍትለት ነው?» በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። «እኔ እንኳ ኖሬዋለሁ። እሷ ግን ሴት ልጅ ናት። ስሟ በዚህ እንዲጠራ አልፈልግም።»

ይህን ስትል ማንም አልሳቀም። እኔም የዚያን ቀን አልገባኝም እንጂ እውነቷን ነበር። ያበላሹት ግራዝማች ናቸው።

«ለመሆኑ» አሉ ግራዝማች አባቴን፣ «ያ ኤሊ ስም አለው ይባላል። ማን ትለዋለህ?»

አባቴ ቀይ ሆነ፣ ጥቁር ሆነ። ጥርጣሬ እንኳ እንዲህ አትለዋወጥም።

«ፊታውራሪ» አለ ቀስ ብሎ።

ግራዝማች ጢማቸውን ያዙ። «ማን ሾመው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እኔ ማይጨው ዘምቼ፣ አምስት ዓመት በዱር ቆይቼ፣ ቆስዬ፣ ግራዝማች ነኝ። ይህ ኤሊ የት ዘምቶ ነው የሚበልጠኝ?»

አባቴ የሚሳለቅ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አስቦ ነው የመለሰው። «አልዘመተም ጌታዬ። ግን የጦር ጥሩር ለብሶ ነው የተወለደ።»

አያ ማሩ ሳቁን በጋቢው ሊያፍን ሞከረና አፈነ፤ ትከሻው ግን መሰከረበት። ግራዝማች ዱላቸውን አነሡ። አለቃ «ተው፣ በሁዳዴ!» ባይሉ ኖሮ ችሎቱ በደም ባለቀ ነበር። ነገሩ ሲበርድ አለቃ በጨዋ ቃል ወደ ጉዳዩ እመልሳቸዋለሁ ብለው ጠየቁ።

«ልጄ ቢያዝን፣ እነዚህ ፍጥረቶችህ ምን ይበላሉ?»

«ኤሊው ጎመን ነው አለቃ።»

«ሸጋ፤ ጿሚ ነው። እስስቷስ?»

«ዝንብ።»

«በሁዳዴም?»

«በሁዳዴም፣ አለቃ። በዓመቱ ሁሉ።»

አለቃ ወደኋላ ተደገፉ። «በክርስቲያን ቤት፣ በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ ይበላል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሰው ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ የእኔ ነገር ተረስቶ ዝንብ ሥጋ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ግራዝማች ሥጋ ነው አሉ፤ ሲጨፈለቅ ደም አይተዋል። አያ ማሩ አይደለም አለ። «አለቃ፣ የጾም ሽሮ ውስጥ ዝንብ ሲገባ አውጥተን ጥለን ወጡን እንበላለን። ዝንብ ሥጋ ቢሆን አገር ሁሉ ጾሙን ገድፎ የለም ወይ?» አለቃ ይህን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎን ነበር። እናቴ ማዶ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

በመጨረሻ አለቃ የዝንቡን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የእኔን ግን ቆረጡት። እስከ ሆሳዕና ሦስት ሳምንት አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በደረታቸው የሚሳቡት ሁሉ ከቤቱ ካልወጡ ልጅቱ ወደ እናቷ እንፍራንዝ ትሄዳለች።

«ኤሊ በደረቱ አይሳብም…» አለ አባቴ።

«ቢያዝን!» አሉ አለቃ።

አባቴ እጄን ይዞ ተነሣ።

ያን ሳምንት አባቴ እህል አልበላም ማለት ይቻላል። ማክሰኞ ፊታውራሪን ታቅፎ አንገረብ ወንዝ ድረስ ወስዶ ለቀቀው። ዓርብ ዕለት ፊታውራሪ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በራችን ላይ ተገኘ። አባቴ ለጎረቤት ሊሰጠው ሞከረ፤ ጎረቤት በር ዘጋ። ለእስስቷ ዛፍ ሊፈልግላት ወጣ፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ እስስት ካዩ ድንጋይ ያነሣሉ፣ ያን ያውቃል። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ፊቱ ተለወጠ። ሰኞ ጠዋት ካፖርቱን ለበሰ፣ እኔን ዘንቢል አሸከመኝና መጀመሪያ አለቃ ወልደኢየሱስ ቤት ሄድን።

በእኛ አገር አደራ ሲሉህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ትቀበላለህ፣ ከዚያ ታያለህ። የተቀበሉትን አደራ መጣል ደግሞ ሰውየው ከሞተ እንኳ ለልጅ ልጁ ስድብ ነው።

«አለቃ፣ አደራ አለኝ» አለ አባቴ።

«በወላዲተ አምላክ ስም ተቀብያለሁ ልጄ» አሉ አለቃ፣ እጃቸውን ዘርግተው። የርስት ወረቀት ወይ የሙት ልጅ ነገር መስሏቸው ነበር። አባቴ ጥርጣሬን አይበሉባቸው ላይ አስቀመጣት። አለቃ ዓይናቸው ደካማ ነውና አቅርበው አዩ። እሷም አንዱን ዓይኗን ወደሳቸው፣ አንዱን ወደ ሰማይ አድርጋ አየቻቸው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉ አለቃ በቀጭን ድምፅ። እጃቸውን ግን አላነቃነቁም።

ከዚያ ግራዝማች ቤት። ግራዝማች «ተቀብያለሁ» ካሉ በኋላ ዘንቢሉ ተከፍቶ ፊታውራሪ አንገቱን ሲያወጣ ያሳዩትን ፊት ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል። ከዚያ አያ ማሩ። አያ ማሩ ባሻን ሲያይ «አያ ቢያዝን፣ እኔ እኮ ያንተ ወገን ነኝ!» አለ። አባቴም «ለዚያ እኮ ነው» አለው።

ብዙ ሰው ተንኮል ነው ይላል። አባቴን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አባቴ ለሚወዳቸው ደህና ቤት ፈለገ፣ አለቀ። ዳኛ ተብሎ የተመረጠ ሰው እውነተኛ ሰው ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚህ የረቀቀ ነገር አስቦ አያውቅም። ሲመለስ ግን መንገዱን ሁሉ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ አንድ ጊዜም ወደኋላ አልዞረም።

አባቴ ስለማይሄድ፣ አደራውን ለማየት በየቀኑ የምዞር እኔ ሆንሁ። እናም ዳኞቹ እንዴት እንደከረሙ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። አለቃ በመጀመሪያው ቀን ጾም እንዳትሽር ብለው የቤታቸውን መስኮት ሁሉ ዘግተው ዝንብ ከለከሏት። በሦስተኛው ቀን ጥርጣሬ ግራጫ ሆና ስትጠወልግ አንጀታቸው አልቻለም። መጽሐፍ ገልጠው፣ መጽሐፍ ከድነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንድትበላ ፈቀዱላት። ስመጣ መስኮቱን ከፍተው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው፣ ዝንብ እስኪገባ ይጠብቁ ነበር። «ሰዓቱን ጠብቃ ነው የበላችው፣ ለአባትሽ ንገሪ» ይሉኛል።

ግራዝማች ፊታውራሪን ገና በመጀመሪያው ቀን ከማዕረጉ ሻሩት። በሠራተኞቻቸው ፊት ተራ ወታደር ነህ አሉት። ነገር ግን ፊታውራሪ፣ ይቅርታ፣ ተራ ወታደሩ፣ ግራዝማች በግቢያቸው ሲመላለሱ ከኋላቸው ይከተል ጀመር፤ ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይሄዳል። ግራዝማች ከጦርነቱ ወዲህ የሚከተላቸው አሽከር አልነበራቸውም። በሳምንቱ አሥር አለቃ አደረጉት። ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ። ሆሳዕና ሲቃረብ ባላምባራስ ሆኗል፣ ባላምባራስ ከግራዝማች በታች ነውና እዚያ ላይ ቆመ። «ከዚህ አያልፍም» አሉኝ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «ለአባትሽ ንገሪው። ከዚህ አያልፍም።» እጃቸው ላይ ግን የጎመን ቅጠል ነበር።

የተጎዳው የእኛው ወገን ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ለፋሲካ ብላ ሁዳዴን ሙሉ ያጠራቀመችው እንቁላል በገለባ ተሸፍኖ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። ባሻ በገባ በሁለተኛው ቀን ገለባው ብቻ ቀረ። አያ ማሩ ሚስቱ ያለችውን ሁሉ ተቀምጦ ሰማ። ሸማውን እየሠራ «አደራ ነው፣ አደራ ነው» ይላል፤ እሷም «አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር፣ የሚበላ አደራ ግን አይቼ አላውቅ!» ትለዋለች። ያን ሳምንት በቁስቋም ሰፈር ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም።

የሆሳዕና ዕለት ሰው ሁሉ ዘንባባ ጣቱ ላይ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ዳኞቹ መጀመሪያ ቤታችንን ሊያዩ መጡ። እናቴም አብራ መጣች፤ ከጥር ወዲህ ደጁን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ቋቱ ተከድኗል። ወለሉ ተለቅልቋል። አለቃ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና ቆሙ።

«ይህ ጭቃ እርጥብ ነው» አሉ።

አባቴ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ትናንት ለስኖ ዘግቶት ነበር። እንሽላሊቶቹን አንድ በአንድ ይዞ ግንቡ ላይ ከለቀቃቸው በኋላ ነው የዘጋው። ይህን እናቴ አላወቀችም ነበር። ከእኔ ስትሰማ ግድግዳውን አየችው፣ አባቴን አየችው።

ወይራው ስር ተመለስን። ያለቀልን መስሎኝ ነበር። ግራዝማች ተነሡ።

«ቤቱ ባዶ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «እኔን የሚያሳስበኝ ግን ባዶነቱ ነው። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ያሳደገውን ኤሊ በአንድ ጠዋት ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ልጁን ይልካል እንጂ አንድ ቀን መጥቶ አላየውም። ኤሊው በር በር ሲያይ ነው የከረመው፣ እኔ አይቼዋለሁ።» ዱላቸውን ወደ አባቴ ቀሰሩ። «ሃያ ዓመት ያሳደገውን እንዲህ የሰጠ ሰው፣ ስምንት ዓመት ያሳደጋትን ነገ ለማን ይሰጣት ይሆን?»

አያ ማሩ ወደ አለቃ ዞረ። አለቃም ጢማቸውን ይደባብሱ ጀመር። ካላወጣህ ትወሰዳለች ያሉት ሰዎች አሁን ካወጣህማ ትወሰዳለች ሊሉ ነው! ስምንት ዓመቴ ቢሆንም ጮኼ ልሳደብ ነበር። አባቴ ግን ተነሣ። በሰው ፊት ሲናገር ሁልጊዜ መሬት መሬት የሚያይ ሰው፣ የዚያን ቀን ቀና አለ።

«ያላየሁት፣ ካየሁት ይዤው ስለምመለስ ነው ጌታዬ» አለ። «እነሱን የሰጠሁ እሷን ላለመስጠት ነው። ሌላ የምሰጠው ቢኖረኝ እሱንም እሰጥ ነበር። ይህን ካፖርት እንኳ እሰጥ ነበር፣ የመንግሥት ባይሆን።»

ሳቅ የጀመረ ሰው ነበረ፤ አልጨረሰውም። አባቴ ተቀመጠ። እጄንም ያዘ።

«አለቃ፣ ልናገር?» አለች እናቴ።

«ተናገሪ ልጄ።»

«ዘጠኝ ዓመት ለምኜዋለሁ። ሁሉን አይደለም፤ አንዷን። በእርግዝናዬ ለምኜዋለሁ፣ በአራስነቴ ለምኜዋለሁ። ለእኔ አንዲት እንሽላሊት አላወጣም።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ለእኔ ያላደረገውን ለሷ ካደረገ፣ ልጄ ደህና ቦታ ናት። ከሱ ጋር ትሁን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን ወደ እኔ ትምጣልኝ።»

አለቃ ሁለቱን ዳኞች ዞረው አዩ። አያ ማሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ግራዝማችም ፊታቸውን ወዲያ አዙረው በዱላቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት፣ እሺ ማለታቸው ነው። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። እኔ ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ ዘለልሁ፣ አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠምሁ። ከትከሻው በላይ እናቴን ሳያት ግን እያለቀሰች ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝና እኔም አለቀስሁ።

አደራውን ማንም አልመለሰም፣ ወይም ማንም እንዲመለስለት አልጠየቀም። አለቃ ጥርጣሬን ሰዓት አክባሪ አድርጌ ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብለው አስቀሩ። ግራዝማች ባላምባራሱን ሲጠየቁ እንዳልሰሙ ሆኑ። ባሻን ብቻ፣ ወይዘሮ ሽታዬ በማርያም ምላ ስላስወጣች፣ አባቴና አያ ማሩ ከፋሲካ በኋላ በማኪና ወስደው መጀመሪያ የተገኘበት ወንዝ ውስጥ ለቀቁት። ማኪናው ውስጥ የሆነውን አያ ማሩ ሲያወራው ሰው በሳቅ ይወድቅ ነበር፤ እኔ ግን አልነበርሁበትምና አልጨምርበትም።

የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴን ሸኘናት። አባቴ ጓዟን ተሸክሞ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እኔ በመሃል፣ ማኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ሄድን። ተሳፋሪ ሞልቷል፤ ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ይጮኻል። እናቴ እኔን ሳመች፣ ደጋግማ ሳመችኝ። አንድ እግሯን ማኪናው ላይ ስታደርግ አባቴ ድንገት ተናገረ።

«ጽጌ። ያን ቀን ባሻን ባወጣው፣ አትሄጅም ነበር?»

እናቴ ዞር አለች። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ አልተናደደችም።

«ነገሩ ባሻን ማውጣቱ አይደለም» አለች። «ለእኔ ብለህ ልታወጣው እንደምትችል ባውቅ አልሄድም ነበር።»

ገባች። ማኪናው በአዘዞ መንገድ ወረደ፣ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ አባቴ ቆሞ አየው። ወደ ቁስቋም ስንመለስ ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳያርፍ ወጣው። ቤት ደረስን፤ በሩን ከፈተ። ደፍ ላይ ቆሞ ውስጡን፣ የተለሰነውን ግድግዳ፣ የተከደነውን ቋት፣ እናቴ ትተኛበት የነበረውን አልጋ አየ።

«ለካ ይህ ቤት ሰፊ ነበር» አለ።